ፎልስ ቸርች ነው የምንኖረው ለምንል ሁሉ፤ ግልጽ ደብዳቤ

ለኮሚኒቲ ማኅበራት፣ ለሰበካ ጉባኤዎች፣ ለመስጊድ ኮሚቴዎች፣ ቅዳሜና እሁድ ልጆቻችንን ፊደል ለምታስቆጥሩ እህት ወንድሞች፣ እንዲሁም ስካይላይን ሰፈር ቡና ይዛችሁ ዓለምን ለምታስተዳድሩ ጓደኞቼ፤

እንዴት ሰነበታችሁ? ሰላምታውን ላሳጥረው። ብዙ የምለው አለኝ፣ እናንተም ሥራ አለባችሁ።

ባለፈው መጋቢት ኡበር ስሠራ በዕድሜ የገፉ አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት እናት ከሐኪም ቤት ጫንኩ። መድረሻቸው ፎልስ ቸርች (ዋሽንግተን አጠገብ ያለችው የቨርጂኒያ ከተማ)፣ ሳውዝ ዋሽንግተን ስትሪት ነው። መንገዱን ታውቁታላችሁ፣ ሩት 29 የምንለው ነው። ስንደርስ ከመንገዱ ዳር ያለችው የድንጋይ ቅስት ጋ አቁም አሉኝ። ለወሬ ያህል «ይሄ በር የምንድን ነው?» አልኳቸው። እኔ እኮ በዚያ በኩል ስመላለስ አሥራ አራት ዓመቴ ነው። የአፓርታማ መግቢያ ነበር የሚመስለኝ። በመስታወቱ አዩኝና እዚህ አገር ስንት ዓመት እንደኖርኩ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ዝም አሉ። እናቴ፣ ጎረቤት ሞቶ ለቅሶ ሳልደርስ የቀረሁ ጊዜ፣ ልክ እንደዚያ ነበር ዝም የምትለኝ። ቀጥለው «መኪናውን አጥፋና ውረድ» አሉኝ።

ወረድኩ። ቀጣዩ ጥሪ አመለጠኝ፣ ሰይጣን ይውሰደው።

ቅስቷ ከሮዝ ግራናይት የተሠራች ናት። ቀረብ ብላችሁ ስታዩዋት አንዱ ድንጋይ ካንዱ አይገጥምም። አንዱ ወደ ግራጫ ይሄዳል፣ ሌላው የጥሬ ሥጋ መልክ አለው (ዐቢይ ጾም ስለነበር ይሆናል እንደዚያ የታየኝ)። እማማ መዳፋቸውን ድንጋዩ ላይ አሳርፈው፣ ይሄ ከዚሁ ኮረብታ የወጣ ድንጋይ ነው፣ ድንጋዩን የሚፈልጡትም እዚሁ የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ አሉኝ። ቲነር የሚባሉ ቤተሰቦች። ኮረብታው በነሱ ስም ቲነር ሂል ይባላል። ቅስቷ በ1999 የቆመችው፣ እዚህ ቦታ ላይ ተሰብስበው ከተማዋን የተሟገቱ ሰዎች እንዳይረሱ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ ይቅርታ።)

የዚያን ዕለት ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በማግስቱ ሥራ ዘግቼ የከተማው ላይብረሪ ሄድኩ። የአካባቢ ታሪክ ክፍል አላቸው፤ ማንም ገብቶ መጠየቅ ይችላል፣ ብር አይከፈልም። ከዚያ ወዲህ ያነበብኩትን ነው የምነግራችሁ። ታሪክ ተማሪ አይደለሁም። ሾፌር ነኝ። ግን ተናድጃለሁ፤ በመጀመሪያ በራሴ፣ ቀጥሎ ደግሞ (አትቀየሙኝ) በእናንተ።

ፎልስ ቸርች ሚጢጢ ከተማ ናት። ስፋቷ ሁለት ስኩዌር ማይል ገደማ፣ ሕዝቧ በ2020 ቆጠራ ከ14,600 ትንሽ ከፍ ያለ። ስሟን የወሰደችው ከቤተ ክርስቲያኗ ነው፤ መሀል ከተማ ያለችውና በ1769 የተጠናቀቀችው ባለ ቀይ ጡብ ቤተ ክርስቲያን። ጆርጅ ዋሽንግተን አገልግሎባታል እያሉ ይኮሩባታል። ጡቡን ማን ደረደረው? በባርነት የተያዙ ሰዎች ጉልበት አለበት። ይሄን ቤተ ክርስቲያኗም በቅርብ ዓመታት በግልጽ አምናለች፣ ግቢዋ ውስጥም መታሰቢያ አኑራለች። የእነዚያን ሰዎች ስም ግን ፈልጋችሁ አታገኙም። ለምን መሰላችሁ? በ1850 እና በ1860 በተደረገው የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ባሪያዎች በስማቸው አልተመዘገቡም። መዝገባቸው ለብቻ ነበር። የጌታው ስም ይጻፍና ከሥሩ ዕድሜ፣ ጾታ፣ የቆዳ ቀለም ብቻ ይደረደራል። ሴት፣ 34፣ ጥቁር። ወንድ፣ 7፣ ቀይ ዳማ። አለቀ። አብዛኛው ጥቁር አሜሪካዊ ለመጀመሪያ ጊዜ በስሙ የተቆጠረው በ1870 ነው። ስለዚህ ዘሩን ወደ ኋላ የሚፈልግ ሰው 1870 ላይ ሲደርስ ግድግዳ ይገጥመዋል። እዚያ ግድግዳ ላይ ቀዳዳ የሚፈልገው ደግሞ በኑዛዜ ወረቀት ነው። ጌታው ሲሞት ንብረቱ ይቆጠራላ፤ ከላምና ከፈረስ ጎን ስም ከነዋጋው ይጻፋል። የአያቱን አያት ስም እዚያ የሚያገኝ ሰው አለ። የተገመተላቸውንም ዋጋ አብሮ ያገኛል።

እኛ ሰባት ቤት የምንቆጥር ሰዎች ነን። ልጃችን ሊያገባ ሲል የሽማግሌው የመጀመሪያ ጥያቄ የማን ልጅ ነው ነው። እስቲ ይሄን አስቡት፤ ሦስት ቤት ቆጥሮ የሚቆም ሰው፣ አራተኛው ላይ ጾታና ቀለም ብቻ የሚያገኝ።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። እዚህ አገር እንደመጣሁ ቤይሊስ ክሮስሮድስ አካባቢ ነበር የተከራየሁት። በፖስታ የሚመጣልኝ ሁሉ «ፎልስ ቸርች፣ ቨርጂኒያ» ይላል። አገር ቤት ስደውልም ፎልስ ቸርች ነው የምኖረው እላለሁ። የመጀመሪያ ልጄ ለትምህርት ሲደርስ፣ የከተማው ትምህርት ቤቶች ጎበዝ ናቸው ስለተባለ ወረቀቴን ይዤ ሄድኩ። ጸሐፊዋ አድራሻዬን አየችና በትሕትና «እርስዎ እኮ ፎልስ ቸርች ውስጥ አይደሉም» አለችኝ። ፖስታው ምን ይላል ታዲያ? ፖስታው ይበል። እኔ ያለሁት ፌርፋክስ ካውንቲ ነው፣ ከከተማዋ ውጭ ያለ ሌላ አስተዳደር። ብዙዎቻችሁ ይሄ እንደደረሰባችሁ አውቃለሁ፤ ስካይላይን ያላችሁም፣ ሰቨን ኮርነርስ ያላችሁም። እየሳቅን አለፍነው፣ ደግሞም የፖስታ ቤት ነገር ነው። ግን የዚያች ከተማ ድንበር ለምን እንደዚያ ጠበበ ብለን አንድ ቀን እንኳ ጠይቀን አናውቅም።

በአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት ማግስት ከባርነት ነፃ የወጡ ሰዎች ከከተማዋ በስተደቡብ መሬት መግዛት ጀመሩ። በባርነት ከኖረ ሰው ኪስ ብር ከየት እንደሚወጣ እኔም አላውቅም፤ ግን ገዙ። ቤት ሠሩ። በ1867 ጋሎዌይ የሚባለውን የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን አቋቋሙ፣ አናንዴል ሮድ ላይ እስከ ዛሬ አለ፣ መቃብሩም አጠገቡ ነው። ወንዶቹ ድምፅ መስጠት ጀመሩ። ፍሬድሪክ ፉት የሚባሉ ጥቁር ባለ ግሮሰሪ ከተማው ምክር ቤት ተመርጠው ገቡ፤ ይሄ 1880ዎቹ ነው፣ አጼ ዮሐንስ ገና በሕይወት ያሉበት ጊዜ። እንግዲህ ጥቁር በዛ፣ ድምፁም ከበደ። ምክር ቤቱ ምን አደረገ? በ1887 ጥቁሮቹ የሚበዙበትን ደቡቡን ክፍል ቆርጦ ለፌርፋክስ ካውንቲ መለሰው።

ልብ በሉ፣ አንድም ሰው ከቤቱ አልተባረረም። ማታ ከተማ ውስጥ የተኙ ሰዎች ጠዋት ከከተማ ውጭ ተነሡ፣ ያው ቤታቸው፣ ያው አልጋቸው። እኛ አገር ድንበር የሚገፋው መሬት ለመውሰድ ነው፤ በጅብ ሌሊት ችካሉን ነቅሎ ሁለት ክንድ ወደ ጎረቤት ይተክለዋል። እዚህ ግን ሰው ለመጣል ሲሉ ችካሉን ወደ ራሳቸው ሳቡት። እንዲህ ዓይነት ድንበር ገፊ ሰምቼ አላውቅም። በጠበበው ከተማ ውስጥ የጥቁር ድምፅ ከቁጥር እንዳይገባ ሆነ።

እውነቱን ለመናገር የኔ ሰፈር ያኔም የከተማው አልነበረም። በ1887ቱ መስመር የተጣልኩት እኔ አይደለሁም፣ እንዲህ ብዬ ተበዳይ ነኝ አልልም። ግን አናንዴል ሮድ ላይ ያለውን ጄምስ ሊ ኮሚኒቲ ሴንተር ስንቶቻችን እናውቀዋለን? እሱ በ1948 የጥቁር ልጆች ትምህርት ቤት ሆኖ የተከፈተ ሕንፃ ነው። ከከተማዋ በእግር መንገድ ነው ያለው፣ የሚያስተዳድረው ግን ካውንቲው ነው።

የቲነር ሂል ዋናው ነገር ደግሞ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

በ1912 ቨርጂኒያ ከተሞች የነጭና የጥቁር መኖሪያ እንዲለዩ የሚፈቅድ ሕግ አወጣች። የፎልስ ቸርች ምክር ቤትም ይሄንን ወደደው። ጥቁሩ በተከለለለት ጥግ ይኑር፣ ከክልሉ ውጭ ቤት አይግዛ ነው ነገሩ። በጥር 1915 ዘጠኝ ሰዎች ተሰበሰቡ። ከመሀከላቸው አንዱ ጆሴፍ ቲነር ናቸው፤ ድንጋይ ጠራቢ፣ የድንጋይ ጠራቢም ልጅ፣ ንግግር የሚችሉ ሰው። ሌላው ኤድዊን ባንክሮፍት ሄንደርሰን ናቸው፤ ዋሽንግተን የሰውነት ማጎልመሻ መምህር። አንዱ መዶሻ ይይዛል፣ አንዱ ፊሽካ። መብታቸውን የሚጠብቅ ማኅበር አቋቋሙ፣ ቲነርን ሊቀ መንበር አደረጉ፣ ለኤንኤኤሲፒ (የጥቁሮች መብት ማኅበር ነው፣ እሱም ገና ስድስት ዓመቱ ነበር) ጻፉ፣ ከተማውንም ከሰሱ። ያኔ ኤንኤኤሲፒ ትልልቅ ከተሞች ላይ እንጂ ገጠር ቀመስ ቦታ ቅርንጫፍ አልነበረውም። እነዚህ ሰዎች ግን አልለቀቁም። በ1917 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከኬንታኪ በመጣ ሌላ ክስ ላይ እንዲህ ዓይነት የሰፈር ክልል ሕግ አይሠራም ብሎ ወሰነ። የፎልስ ቸርቹም አብሮ ተቀበረ። በ1918 የቲነር ሂሉ ማኅበር የኤንኤኤሲፒ የመጀመሪያው የገጠር ቅርንጫፍ ሆኖ ታወቀ። በመላው አሜሪካ የመጀመሪያው ማለት ነው! እኛ ዘይት ከምንቀይርበት ቦታ በእግር የሚደረስበት ቦታ ላይ።

ሄንደርሰን ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ልጄን ያሸነፍኩት በሳቸው ነው። ልጄ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ታሪክ ሲባል ያዛጋል፣ ቅርጫት ኳስ ሲባል ግን ከእንቅልፉ ይነሣል። አንድ ቀን ከልምምድ ስመልሰው «ቅርጫት ኳስ ለጥቁር ተማሪዎች ያስተማራቸው ሰውዬ ቤት ከዚህ አምስት ደቂቃ ነው» አልኩት። ውሸታም አለኝ፣ በእንግሊዝኛ። ስልኩን አውጥቶ ፈለገ። ሄንደርሰን በ1904 ክረምት ሃርቫርድ ስልጠና ገብተው ጨዋታውን ተምረው ተመለሱና በዋሽንግተን የጥቁር ተማሪ ቤቶች አስተዋወቁት። ያኔ ጨዋታው ከተፈጠረ ገና አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው፣ የልጄ ዕድሜ። በ1977 አረፉ። ስማቸው የቅርጫት ኳስ ታላላቆች አዳራሽ የገባው በ2013 ነው፤ ከሞቱ ከ36 ዓመት በኋላ። ልጄ መኪናው ውስጥ ዝም ብሎ ቆየና «ለምንድን ነው ማንም ያልነገረኝ?» አለኝ። እኔ ምን ልመልስ? እኔንስ ማን ነገረኝ?

ሌላም ነገር አላቸው፣ ይሄኛው ለኛ ለአቤቱታ ሕዝቦች ይጥማል። ሄንደርሰን ለጋዜጣ አዘጋጆች ደብዳቤ ይጽፉ ነበር። ስንት መሰላችሁ? ከ3,000 በላይ። አውቶቡስ ላይ የሆነውን፣ ስታዲየም ላይ የሆነውን፣ ትምህርት ቤት ላይ የሆነውን፣ እየቆጠሩ ይጽፋሉ። ማስፈራሪያ ይደርሳቸዋል፣ እንደገና ይጽፋሉ። አገር ቤት ፍርድ ቤት በር ላይ ጃንጥላ ዘርግተው ካርቦን አስገብተው የሚጽፉትን ራፖር ጸሐፊዎች አስቡ፤ ልክ እንደዚያ፣ ግን ያለ ክፍያ፣ ዕድሜ ልክ። እኔ ይሄን አንዱን ለመጻፍ ስንት ሻይ እንደጠጣሁ ባለቤቴ ትንገራችሁ።

ባለቤታቸው ሜሪ ኤለን ሄንደርሰን ደግሞ በሁለት ክፍል ትምህርት ቤት ለሠላሳ ዓመት ገደማ ያስተማሩ እናት ናቸው። ዝም ብለው አላስተማሩም። ለነጭ ልጅ የሚወጣውንና ለጥቁር ልጅ የሚወጣውን ገንዘብ በጥናት አነጻጽረው አቀረቡ። አዲሱ ትምህርት ቤት፣ ያ ጄምስ ሊ ያልኳችሁ፣ የመጣው ከዚህ ሁሉ ጭቅጭቅ በኋላ ነው። ዛሬ የከተማው ሚድል ስኩል በሳቸው ስም ይጠራል። ብዙ ሰው «ሄንደርሰን» ሲባል ሰውዬው ይመስለዋል፤ እሷ ናት፣ እማማ ሜሪ ኤለን።

ጋሎስ ሮድ ላይ ያለውን ሉተር ጃክሰን ሚድል ስኩልንም ታውቃላችሁ፣ የብዙ ሐበሻ ልጅ ተመርቆበታል። እስከ 1954 ድረስ በፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ለጥቁር ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አልነበረም። ስምንተኛን የጨረሰ ልጅ ወይ ዋሽንግተን ወይ ምናሴስ ድረስ መሄድ አለበት። መጀመሪያ የተከፈተላቸው ሉተር ጃክሰን ነው። ሰውዬው ማን ናቸው? የታሪክ ምሁር፤ ዕድሜያቸውን የፈጁት የቨርጂኒያን ነፃ ጥቁሮች ከየፍርድ ቤቱ መዝገብ እየለቀሙ በመጻፍ ነው። ልጆቻችን በስማቸው የተጻፈበት ሹራብ ይለብሳሉ።

ይሄን ሁሉ ይዤ ምን አደረግኩ? አንዱን የቅዳሜ ትምህርት ቤታችንን (የትኛውን እንደሆነ አልናገርም፣ ሰዎቹ ወዳጆቼ ናቸው) ልጆቹን አንድ ቅዳሜ ቲነር ሂል እንውሰዳቸው ብዬ ጠየቅኩ። አውቶቡስ አያስፈልግም፣ በየመኪናችን እንሂድ አልኩ። የተሰጠኝ መልስ እንዲህ የሚል ነው፤ «ወንድሜ፣ እሱ የነሱ ታሪክ ነው፣ እኛ የራሳችን የሦስት ሺህ ዘመን አለን፣ እሱንም ጨርሰን አላስተማርን።»

ይሄ ነው ደብዳቤውን ያስጻፈኝ።

ክፉ ሰው አይደለም የመለሰልኝ። እኔም ከአንድ ዓመት በፊት ብጠየቅ ያንኑ ነበር የምለው። ግን እንነጋገር እስቲ፣ በአማርኛ ስለሆነ ማንም አይሰማንም። እኛ ጥቁር አሜሪካውያንን በምን ስም ነው የምንጠራቸው፣ ቡና ላይ፣ ቤታችን፣ ልጆቻችን እየሰሙ? ታውቁታላችሁ፣ አልጽፈውም። «እኛ ባሪያ ሆነን አናውቅም» የምንለው አባባልስ? ባሪያ ያልሆነው ማነው? አገራችን ባርነትን በአዋጅ የከለከለችው በ1942 ነው፤ አያቶቻችን ቤት ውስጥ ማን ውሃ ይቀዳ እንደነበር የሚያስታውሱ አዛውንት ዛሬም መሀከላችን ተቀምጠዋል። እዚያ ስማቸው ያልተጻፈ ሰዎች አሉብን። ስለዚህ «የነሱ» እያልን አንኩራራ።

ደግሞ «የነሱ» የምንለው ታሪክ እኛንም አስገብቷል። ጣሊያን በ1935 ሲወረን እዚህ ሀርለም ላይ፣ ቺካጎ ላይ ሰልፍ የወጣው ማን ነበር? ኢትዮጵያዊው ዶክተር መላኩ በያን ሕክምና የተማሩት ከኛ ብዙም በማይርቀው በሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ በ1937 ኒውዮርክ ላይ ኢትዮጵያን የሚረዳ ፌዴሬሽን ሲያቋቁሙ ሳንቲሙን ያዋጣው በአብዛኛው ጥቁር አሜሪካዊ ነው፣ ያውም በዚያ የሥራ አጥነት ዘመን። እኛ ወደዚህ አገር በብዛት የገባንበት በር የተከፈተው በ1965ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ ነው፣ እሱም የመጣው ከመብት ትግሉ ጋር በአንድ ወራጅ ውሃ ነው። ቤት ስንገዛና ስንከራይ በቆዳችን እንዳንመለስ የሚከለክለው ሕግ የወጣው በ1968 ነው። ቲነር ሂል ላይ የተሰበሰቡት ዘጠኝ ሰዎች የተከራከሩትም የት ልኑር በሚለው ነበር። ባንክ ሞርጌጅ ስትፈርሙ ትዝ ይበሏችሁ።

አሌክሳንድሪያ ያላችሁም አታምልጡ። ሳውዝ ዋሽንግተን ስትሪት ጫፍ፣ ቤልትዌይ ሥር፣ አንድ ሣር የበዛበት መታሰቢያ አለ። በ1864 ነው መቃብር የሆነው፤ ከባርነት አምልጠው ወደ ሰሜኑ ጦር የተጠጉ ስደተኞች ተቀበሩበት። ስደተኞች ብያለሁ፣ ሌላ ቃል የለኝም። ከ1,700 በላይ ናቸው፣ ከግማሽ በላይ ልጆች። በ1955 ከላያቸው ነዳጅ ማደያ ተሠራ። ሰው ለስንት ዓመት ቤንዚን ቀዳበት! መቃብር መሆኑ እንደገና የታወቀው በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው፣ ማደያው ተነቅሎ መታሰቢያው የተመረቀው በ2014። ያን ጊዜ ብዙዎቻችን እዚሁ ነበርን፤ እኔ ራሴ በዚያ በኩል ስንት ሰው አየር ማረፊያ አድርሻለሁ። የሚገርማችሁ ደግሞ በታኅሣሥ 1864 ሆስፒታል የተኙ 443 ጥቁር ወታደሮች ስማቸውን አስቀምጠው አቤቱታ ጽፈዋል፤ የሞቱ ጓዶቻችን እዚህ ሳይሆን እንደ ወታደር በወታደር መቃብር ይቀበሩ ብለው። ቁስለኛ ናቸው፣ አልጋ ላይ ናቸው። ተሰማላቸው፤ በወሩ አስከሬኖቹ ተዛወሩ።

ፎልስ ቸርች በ2020 መጨረሻ ላይ የሁለት ትምህርት ቤቶቿን ስም ለመቀየር ወሰነች፤ የተሰየሙላቸው ጆርጅ ሜሰንና ቶማስ ጄፈርሰን ባሪያ አሳዳሪ ነበሩ ተብሎ። ከተማው በክርክር ታመሰ። እኛ? ዝም። የትኛው ወገን ትክክል ነው አላልኩም፣ የሚጠየቀው ጉዳይ እንኳ አልገባንም ነበር።

እንዲህ ያለ ታሪክ የሚገኘው በተአምር አይደለም፤ ይሄን ነው ከላይብረሪው የተማርኩት። የሄንደርሰን የልጅ ልጅና ጓደኞቻቸው በ1997 አንድ ማኅበር አቋቁመው የቤተሰብ ወረቀት፣ የመሬት ውል፣ የቤተ ክርስቲያን ቃለ ጉባኤ፣ የሽማግሌ ትዝታ እየሰበሰቡ ነው እዚህ ያደረሱት። ወረቀቱን ያልጣለ ሰው ስለነበረ ነው። ይሄን ስሰማ ስለኛ ደነገጥኩ። በ1970ዎቹ ደርግን ሸሽተው እዚህ የገቡት፣ ጋራዥ ጠብቀው፣ ሆቴል አጽድተው፣ የመጀመሪያውን እንጀራ በሰልፍ ራይዚንግ (ማስነሻው አብሮ በተቀላቀለበት) ዱቄት ሞክረው ያበላሹት አባትና እናቶች አሁን አንድ በአንድ እያለፉብን ነው። ድምፃቸውን ማን ቀዳ? የመጀመሪያው ዕድር ደብተር የት ነው? ባለፈው አንድ አዛውንት ሲያርፉ ልጆቹ ቤቱን ባዶ ሲያደርጉ እኔ ነበርኩ ዕቃ የጫንኩላቸው፤ አንድ ካርቶን ሙሉ የአማርኛ ወረቀት ወደ ቆሻሻ ሲሄድ አይቻለሁ። ማንበብ አይችሉም፣ አልፈርድባቸውም። እኔ ግን ማንበብ እየቻልኩ ዝም አልኩ። ኋላ ተመልሼ ሄድኩ፣ መኪናው ጭኖት ሄዷል።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይሄን ነው። የቅዳሜ ትምህርት ቤቶች፣ በዓመት አንድ ቀን ስጡኝ። ፊደሉ የትም አይሄድም። ሰበካ ጉባኤዎችና የመስጊድ ኮሚቴዎች፣ ማስታወቂያ ስታነቡ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩልኝ። ጋሎዌይ ቤተ ክርስቲያን ከኛ አንዳንዱ አጥቢያ ሩቅ አይደለም፤ ለመቶ ሃምሳ ዓመት እዚያው የቆሙ ጎረቤቶች ናቸው፣ አንድ እሁድ ሄደን እንዴት ዋላችሁ ብንላቸው ምን ይጎዳል? ኮሚኒቲ ማኅበራት ደግሞ ለዓመታዊው ፌስቲቫል ዘፋኝ ከምታመጡበት ብር ላይ ትንሽ ቀንሳችሁ ጥሩ ድምፅ መቅጃ ግዙ፤ አዛውንቶቹን እኔ ቤታቸው እየሄድኩ እቀዳለሁ፣ በነፃ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ሥራ ቀለል ይላል።

የመጀመሪያው ጉዞ በሚመጣው ወር የመጀመሪያ ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ነው (በሐበሻ፣ እባካችሁ ስድስት ሰዓት እንዳትመጡ)። የምንገናኘው ቅስቷ ሥር ነው። መኪና ሩት 29 ላይ አታቁሙ፣ ይነሣባችኋል፤ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ቦታ አለ። ልጄ ኳሱን ይዞ ይመጣል። እማማም ጤናዬ ከፈቀደ እወጣለሁ ብለውኛል፣ ስለዚህ አንዳችሁ ተጣጣፊ ወንበር ያዙ። ቡናውን እኔ አፍልቼ በፔርሙዝ አመጣለሁ። ዳቦ የምትደፋ ካለች አሁኑኑ ትናገር።

አክባሪያችሁ፣
ፖስታው ፎልስ ቸርች የሚለው አንድ ሾፌር